የመጀመሪያዬን 7ኤ እንዴት እንደወጣሁና ከፍሬድ ኒኮል የተማርኩት

ባለፈው የብርድ ወቅት ደቡብ ስዊዘርላንድ ባለችው ክሬሻኖ የመጀመሪያዬን 7ኤ (የቦልደሪንግ የክብደት ደረጃ ነው) ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁት የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ለማታውቁት፣ ቦልደሪንግ ያለ ገመድ አጫጭር ቋጥኞችን መውጣት ነው። ከታች ወፍራም ፍራሽ ይነጠፋል። ጓደኛ ደግሞ ስንወድቅ ፍራሹ ላይ እንድናርፍ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። የአወጣጡ ክብደት የሚለካው ፓሪስ አቅራቢያ ካለው የፎንቴንብሎ ጫካ በመጣ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩና ፊደሉ ከፍ ባለ መጠን ይከብዳል። በዚህ መለኪያ 7ኤ ለጎበዞቹ ማሟሟቂያ ነው፤ ለእኔ ግን የዓመታት ልፋት ነበር። እናቴ ፎቶውን አይታ በስልክ «ታዲያ ከኋላው ዞረሽ አትወጪም?» አለችኝ። ልክ ናት፣ ከኋላው መንገድ አለ። የምንወርደውም በሱ ነው። እኛን የሚስበን ግን የፊቱ ነው።

አሰልጣኝ የለኝም። ብዙውን ነገር የተማርኩት የስዊዘርላንዱን ፍሬድ ኒኮል የሥራ ሕይወት ከላይ እስከ ታች በማጥናት ነው። ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የተወለደው። እሱ በጀመረበት ዘመን አብዛኛው ሰው ቦልደሪንግን የሚያየው ለገመድና ለተራራ እንደ መለማመጃ ነበር። እሱ በገመዱም ቢሆን ከዓለም ቁንጮዎች አንዱ ነበር፤ በ1993 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሴንት ሉ ላይ የወጣው ባን ደ ሳን በዓለም ከመጀመሪያዎቹ 9ኤዎች ውስጥ ይቆጠራል (የገመድ ደረጃ ከቦልደሪንጉ የተለየ ነው)። በዚያው መቀጠል ይችል ነበር። ዕድሜውን የሰጠው ግን ለትንንሾቹ ቋጥኞች ነው። በ1992 እዚያው ስዊዘርላንድ ብራንሶን ላይ ላ ዳንስ ዴ ባልሮግን ወጣ፣ በዓለም የመጀመሪያው 8ቢ። በ1996 እዚያው ብራንሶን ራጃን ጨመረ፣ የመጀመሪያው 8ቢ ፕላስ። በ2000 ደግሞ ክሬሻኖ ላይ ድሪምታይምን ወጥቶ 8ሲ አለው፤ ከዚያ በፊት ማንም ያንን ደረጃ ሰጥቶ አያውቅም። በአንድ ሰው እጅ ሦስት ጊዜ ጣሪያው ከፍ አለ ማለት ነው። ዛሬ ገመድ ሳይነኩ በቦልደሪንግ ብቻ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች አሉ። ያንን በር ከከፈቱት ሰዎች መካከል ስሙን ከፊት አስቀምጠዋለሁ።

ድሪምታይምን ሄጄ አይቼዋለሁ። ከዙሪክ በባቡር በጎታርድ ዋሻ አድርጋችሁ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቲቺኖ ትወርዳላችሁ፤ ቋጥኞቹ ከክሬሻኖ መንደር በላይ በቼስትነት ዛፎች መሃል ተበትነዋል። ድሪምታይም ወደ ፊት ያጋደለ ትልቅ ድንጋይ ነው፣ ከሩቅ ይጣራል። በኋላ ሌሎች ደግመውት ስለ ደረጃው ብዙ ተከራክረዋል፣ 8ቢ ፕላስ ነው ያሉም አሉ። አሜሪካዊው ቋጥኝ ወጪ ዴቭ ግራሃም በ2005 እዚያው ድንጋይ ላይ ሌላ መነሻ ያለውን ዘ ስቶሪ ኦፍ ቱ ወርልድስን ሲወጣ 8ሲ ማለት ይሄ ነው ብሎ አዲስ መለኪያ አስቀመጠ። በ2009 ደግሞ ድሪምታይም ላይ አንድ መያዣ ተሰበረ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ሰው ዛሬም ያንን መስመር ለማየት ይመጣል። ቁጥሩ ቢያከራክርም መስመሩ ያምራል። እኔም ፕሮጀክቴን፣ ማለትም እስክወጣው ደጋግሜ የምሞክረውን ድንጋይ፣ ስመርጥ ይሄን ነው የተከተልኩት። «ቀላሉ 7ኤ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ሳልወጣው ባልፍ የሚቆጨኝን ነው የፈለግኩት። ከልባችሁ ካልወደዳችሁት ድንጋይ ጋር ወራት መቆየት በጣም ከባድ ነው።

የመረጥኩት ተቀምጦ የሚጀመር ነው። ግራ እጅ የጣት ጫፍ ብቻ የምትቀበል ጠርዝ ላይ፣ ቀኝ እጅ ደግሞ የሚጨበጥ ነገር በሌለው ክብ ድንጋይ ላይ፣ ቀጥሎ ተረከዝን ከፍ አድርጎ ጠርዙ ላይ መስካት፣ ከዚያ ረጅም ምንጭቅታ ወደ ከንፈሩ፣ ማለትም ወደ ድንጋዩ የላይኛው ጠርዝ። ከታች ጀምሬ እስክወድቅ መሞከሩን ትቼ በየክፍሉ ሠራሁት። መጀመሪያ አናቱ ላይ መውጫውን ብቻ። ከዚያ ፍራሹ ላይ ቆሜ መሃሉን ብቻ። መሃሉ የተፈታልኝ ዳሌዬን ወደ ድንጋዩ ሳዞርና ግራ እግሬን አንድ መርገጫ ከፍ ሳደርግ ነው፤ ክንዴ ላይ የነበረው ክብደት ወዲያው ቀለለ። ጉልበት ጨምሬ አልነበረም። የሰውነት አቀማመጥ ስል ብዙ ሰው አይሰማኝም፣ ግን እመኑኝ።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር አየሩ ነው። የክሬሻኖ ድንጋይ ናይስ ይባላል፣ ሲሞቅ ያንሸራትታል። ብርድ ሲሆንና አየሩ ሲደርቅ ቆዳ ድንጋዩን ይይዛል። ለዚህ ነው በቲቺኖ ዋናው ወቅት ከመጸው እስከ ጸደይ መጀመሪያ የሆነው። እኔ ከሙከራ ሙከራ ጃኬቴን ደርቤ ረዘም አድርጌ አርፋለሁ፣ መያዣዎቹን በብሩሽ እጠርጋለሁ፣ ጣቴ መቅላት ሲጀምር ቀኑን አቆማለሁ። የጣት ቆዳ ከተቀደደ ሳምንቱ አለቀ። ጅማት ከተጎዳማ ወሩም፣ ዓመቱም ሊሄድ ይችላል። ከጡንቻ ይልቅ የጣት ጅማት ለመጠንከር እጅግ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ጀማሪ ሆናችሁ ጠባብ ጠርዝ ላይ በየቀኑ አትንጠልጠሉ፤ ይሄን ደጋግሜ እላለሁ።

የወጣሁበት ቀን የተለየ ነገር አልነበረውም። ብርድ ነበር፣ ንፋስ ነበር፣ ሁለት ጓደኞቼ ከታች ነበሩ። ረጅሙ ምንጭቅታ ላይ ጣቶቼ ከንፈሩን ያዙ፣ እግሬ ተወዛወዘ፣ ተመለሰ፣ ከዚያ ወደ ላይ ተገፋሁ። አናቱ ላይ ጮህኩ፤ ጓደኞቼም ጮሁ።

አሁን ገንዘብ እያጠራቀምኩ ያለሁት ለደቡብ አፍሪካ ነው። ኒኮል በ2002 ሮክላንድስ ላይ ብላክ ኢግልና መንኪ ዌዲንግ የሚባሉትን መስመሮች ወጥቷል፤ ዛሬ ያ በሴደርበርግ ተራሮች ያለ ቀይና ብርቱካናማ የአሸዋ ድንጋይ አገር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ ከመላው ዓለም በመጣ ሰው ይሞላል። በአህጉራችን እንደዚህ ያለ ቦታ እያለ አውሮፓ ብቻ መዋል አልፈልግም። መሄድ የምታስቡ ካላችሁ ክላንዊሊያም የምትባለው ከተማ ቅርብ ናት፣ ማረፊያ ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ ቋጥኞቹን ለመውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ጃኬት አትርሱ፣ እዚያ ያኔ የብርድ ወቅት ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል።