የኋላው በር

ከበጀት ሥራ ጋር ዕድሜውን የፈጀ ሰው ይህን ገጠመኝ ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ሳቁን ይሰበስባል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1995 ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ለእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ለይትዝሃቅ ራቢን ቀብር ወደ እስራኤል ሲበሩ የተወካዮች ምክር ቤቱን አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪችንና የሴኔቱን የአብላጫ መሪ ቦብ ዶልን ይዘው ሄዱ። ደርሶ መልስ 25 ሰዓት ያህል፣ በአንድ አውሮፕላን። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ገብቷል፤ ከ13ቱ የበጀት ሕጎች አብዛኞቹ ገና አልጸደቁም፤ መሥሪያ ቤቶችን ክፍት ያቆየው ጊዜያዊ ሕግ ደግሞ ኖቬምበር 13 ያበቃል። ጊንግሪች መንገድ ላይ ስለ በጀቱ እንነጋገራለን ብለው ጠብቀው ነበር። ስለ እሱ ያነጋገራቸው የለም። ሲያርፉም በኋላው በር ውረዱ ተባሉ።

ምክር ቤቱ ጊዜያዊውን ሕግ ሲያራዝም አረጋውያን ለሜዲኬር፣ ማለትም ለመንግሥት የጤና መድን፣ የሚከፍሉት ወርሃዊ ክፍያ ከፍ እንዲል የሚያደርግ አንቀጽ ለጥፎ ላከው። የታወቀ ዘዴ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ለብቻው ቢመጣ የማይፈርሙትን ነገር፣ ሳይፈርሙ ማደር ከማይችሉት ወረቀት ጋር ማሰር። ክሊንተን ቪቶ አደረጉት። ቪቶውን ለመሻር ከ435ቱ ተወካዮች ሁሉም ድምፅ ቢሰጡ 290፣ ከ100ው ሴናተሮች 67 ያስፈልጋል፤ የጊንግሪችና የዶል ፓርቲ ሪፐብሊካኖቹ ይህን ያህል ሰው አልነበራቸውም። የያኔው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ በ1980 ያልተፈቀደ ገንዘብ ማውጣትን የሚከለክለውን ሕግ አጥብቀው እስኪተረጉሙት ድረስ በጀት ሲቋረጥ መሥሪያ ቤቶች እንደ ነገሩ ይቀጥሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሰው ሕይወትና ንብረት ከመጠበቅ በቀር ያልተፈቀደ ገንዘብ ላይ ተማምኖ ማሠራት ክልክል ነው። ኖቬምበር 14 ወደ 800,000 ሠራተኛ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጊንግሪች ከጋዜጠኞች ጋር ቁርስ ላይ ተቀምጠው የአውሮፕላኑን ነገር አነሱት። የላኩት ሕግ የጠነከረበት አንዱ ምክንያት ያ ንቀት እንደሆነ ተናገሩ። ትንሽ ነገር መሆኑን ራሳቸው አምነው ነው የተናገሩት፤ ይህ ነው የሚያስገርመው። የኒውዮርኩ ደይሊ ኒውስ በፊት ገጹ ላይ የሽንት ጨርቅ የታጠቀ አልቃሻ ሕፃን አድርጎ ሳላቸው። ዋይት ሐውስ ደግሞ ሦስቱ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ የሚያሳይ ፎቶ በተነ። ፎቶው ስለ በጀት ማውራታቸውን አያረጋግጥም፤ ግን ማን ይጠይቃል?

በሥራው ዓይን ካየነው ቅሬታቸው እውነት አለው። ሦስቱን ወሳኝ ሰዎች ስልክና ቀጠሮ ሳይበጣጥሳቸው ለአንድ ቀን ያህል አንድ ቦታ ማግኘት የማይደገም ዕድል ነው፤ ባከነ። ሆድ ይፍጀው ብለው ቢተዉት ግን ክርክሩ ስለ ሜዲኬር እንደሆነ ይቀር ነበር። እሳቸው ስለ ደረጃ አደረጉት።

ኖቬምበር 19 ተስማሙ፤ ዲሴምበር 16 መሥሪያ ቤቶቹ እንደገና ተዘጉ፤ ይኸኛው መዘጋት 21 ቀን ፈጀ። ቤቱ ለተቀመጠው ሠራተኛ ደመወዙ ኋላ ተከፈለው፤ ስለ ቁጠባ የተነሣ ጠብ ያልተሠራ ሥራ ሒሳብ ከፈለ ማለት ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው ጥፋቱን በሪፐብሊካኖቹ ላይ ጣለ። ታዲያ በጃንዋሪ 1996 ክሊንተን ይዘው የቀረቡት ምን ነበር? በኮንግረስ የበጀት ቢሮ ስሌት በሰባት ዓመት ገቢና ወጪን የሚያመጣጥን ዕቅድ፣ ያው ጊንግሪች ሲጠይቁት የከረሙት።