ፍርሃቴን ለያይቼ ሳየው

ኤአይን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን፣ ፈርቼው ነበር። አሁንም ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ግን የያኔውና የዛሬው አንድ አይደሉም። ይህን የምጽፈው ልዩነቱን ለራሴ ጥርት አድርጌ ለማስቀመጥ ነው፤ እንደኔ በዚህ ነገር የሚብሰለሰል ሌላ ሰው ካለም ይጠቅመው ይሆናል።

እንጀራዬ ጽሑፍ ነው። ሰዎች የጻፉትን አርማለሁ፣ ረጃጅም ሪፖርት አሳጥራለሁ፣ ቃለ ጉባኤ አስተካክላለሁ። ስለዚህ ቻትጂፒቲ የተባለው፣ ለጻፉለት ሁሉ በጽሑፍ የሚመልስ ኤአይ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ወጥቶ ሰው ሁሉ ስለሱ ማውራት ሲጀምር፣ ለእኔ የሩቅ ዜና አልነበረም። ግማሽ ቀን የምለፋበትን ነገር በሰከንዶች ውስጥ ደርድሮ ሲያወጣው ሳይ ሆዴን ባር ባር አለኝ።

አይዞህ የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። "ሥራህን የሚወስደው ኤአይ ሳይሆን ኤአይ የሚጠቀም ሰው ነው" ይሉኛል። በቅን ልቦና እንደሚሉት አውቃለሁ፤ እኔን ግን አላጽናናኝም። የረዳኝ ፍርሃቴ አንድ እንዳልሆነ ማስተዋሌ ነው። "እፈራለሁ" ስል ውስጡ ብዙ ነገር ተደባልቆ ነበር፦ ከሥራ መውጣት፣ በውሸት መታለል፣ የሰው ምስጢር አሳልፎ መስጠት፣ የራሴ ጭንቅላት መዶልዶም፣ ከዚያም አልፎ የሰው ልጅ መጨረሻ ምን ይሆናል የሚለው ትልቁ ጥያቄ። ሁሉም ባንዴ ሲመጡብኝ እጅና እግሬ ይታሰራል። አንድ በአንድ ሳነሳቸው ግን አንዳንዱ መልስ አለው፣ ለአንዳንዱ ጥንቃቄ ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ መፈራት ያለበት ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ የለቀቀኝ "ይሄ ነገር ያስባል እንዴ?" የሚለው ድንጋጤ ነው። የቀለለኝ እንዴት እንደሚሠራ ሳነብ ነው። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች በአብዛኛው የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረቡት ትራንስፎርመር በሚባል አሠራር ላይ የቆሙ ናቸው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሰጣቸዋል። ከዚያ እስከዚህ የተጻፈውን አይተው ቀጥሎ የትኛው ቃል ወይም የቃል ቁራጭ ሊመጣ እንደሚችል መገመት ይማራሉ። ቆይቶም ሰዎች መልሶቻቸውን እያወዳደሩ፣ ይሄኛው ይሻላል እያሉ አካሄዳቸውን ያቃኑላቸዋል። ነገሩ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፤ ከዚህ ግምት የሚወጣው ነገር ብዙ ጊዜ ያስደንቀኛል። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሞዴሉ እውነተኛውን ስምና የፈጠራውን ስም የሚያወጣው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ስለዚህ ሲሳሳት አይንተባተብም፣ ድምፁም አይለወጥም።

እኛ ደግሞ አቀላጥፎ የሚናገርን ነገር ማመን ይቀናናል። ይህ ዛሬ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ፕሮፌሰር ኤላይዛ የሚባል ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ ሰው የጻፈለትን ገልብጦ በጥያቄ መልክ ከመመለስ ብዙም የዘለለ ነገር አያደርግም። ዋይዘንባም እንደተረከው፣ ሲሠራው የምታየው የራሱ ጸሐፊ እንኳን ከፕሮግራሙ ጋር ስትጻጻፍ ቆይታ ክፍሉን ለቅቀህልኝ ውጣ አለችው። ይህን ሳነብ ድክመቱ የማሽኑ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። እዝነት ያለው የሚመስል ዓረፍተ ነገር ካየን ከጀርባው ልብ እንዳለ እናስባለን። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ማታ ብቻዬን ሆኜ ሆድ ሲብሰኝ ለኤአይ አልጽፍም፤ ለሰው እደውላለሁ። ሌላው ሰው የፈለገውን ያድርግ፣ እኔ ግን ይህን መስመር አስምሬያለሁ።

ውሸቱን በቅርብ ያየሁት በሥራ ላይ ነው። ከአንድ ረጅም ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰዎቹንና የመሥሪያ ቤቱን ስም ሰርዤ፣ እንዲያሳጥርልኝ ለኤአይ ሰጠሁት። ውብ አድርጎ አሳጠረው። መሐል ላይ ግን "ተሳታፊዎቹ ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል" ይላል። ዋናው ላይ የተጻፈው "አብዛኞቹ ደግፈዋል፣ ሁለቱ ግን በጀቱ ሳይታይ አንወስንም ብለዋል" የሚል ነው። የስብሰባው ጭብጥ ያለው እኮ እነዚያ ሁለት ሰዎች ጋ ነበር! "በሙሉ ድምፅ የሚለውን ከየት አመጣኸው?" ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለው። ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ባልጠይቀው አይነግረኝም ነበር። ዋናውን ቀድሜ ያላነበብኩ ሰው ብሆን ኖሮ ደግሞ መጠየቅም አይመጣልኝም። ስለዚህ አሁን ዋናውን ሳላነብ ምንም ነገር አላሳጥረውም። መጀመሪያ እኔ አነባለሁ፣ መቅረት የሌለባቸውን ነገሮች በወረቀት እይዛለሁ፣ ከዚያ እሱ ያሳጥራል፣ ከዚያ አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። ጊዜ ይቆጥባል ወይ? አዎ፣ ይቆጥባል። ማስታወቂያው የሚለውን ያህል ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለዳኛ አቀረቡ። የሚገርመው፣ አንደኛው ጠበቃ ውሳኔዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን ቻትጂፒቲን ራሱን ጠይቆት ነበር፤ እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ "አዎ" አለ። የ5,000 ዶላር ቅጣት ተጣለባቸው። ዳኛው በቴክኖሎጂ መታገዝ ነውር ነው አላሉም። ያሉት፣ ለሚያቀርቡት ሰነድ ትክክለኛነት ተጠያቂዎቹ ጠበቆቹ ናቸው ነው። በ2024 ደግሞ ኤር ካናዳ የተባለው አየር መንገድ፣ የቻትቦቱ (ደንበኞችን በጽሑፍ የሚያነጋግረው ፕሮግራም) የተሳሳተ ምክር ያከሰረው መንገደኛ ሲከሰው፣ ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ኃላፊ ነው ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ጉዳዩን ያየው የዳኝነት አካል አልተቀበለውም፤ አየር መንገዱ ካሳ ከፈለ። እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ከማንኛውም የአጠቃቀም መመሪያ በላይ እወዳቸዋለሁ። ማሽን አይጠየቅም። የሚጠየቀው ስሙን ከታች የጻፈው ሰው ነው።

ወደ ሥራው ፍርሃት ልመለስ፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ከኤአይ ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው ጄፍሪ ሂንተን፣ በኋላ በ2024 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተጋራው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ራዲዮሎጂስቶችን፣ ማለትም የራጅና መሰል ምስል የሚያነቡ ሐኪሞችን፣ ማሠልጠን ከአሁን ጀምሮ መቆም አለበት ብሎ ነበር፤ በ5 ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል በሚል። 5 ዓመቱ አለፈ። ራዲዮሎጂስቶች ዛሬም አሉ፣ በብዙ አገሮች እንዲያውም እጥረት አለ። ምስል ማንበብ ከሥራቸው አንዱ ክፍል እንጂ ሁሉም አልነበረም። ይህ ትንሽ አረጋጋኝ። ግን በዚህ ተደስቼ "ምንም አይመጣም" ማለት ራስን ማታለል ነው። የእኔ ሥራ አንዳንዱ ክፍል በእውነት እየሄደ ነው። ተራ የፊደል እርማት ይዞልኝ የሚመጣ ሰው ቀንሷል።

ከዚህ ይልቅ ልቤን ያሳረፈው የሆሊውድ የፊልም ጸሐፊዎች ያደረጉት ነው። በ2023 ለ148 ቀናት ሥራ አቆሙ። ኤአይ ከአጀንዳዎቻቸው አንዱ ነበር። ወደ ሥራ የተመለሱት ግን ኤአይን አሳግደው አልነበረም። በስምምነታቸው መሠረት የሚያሠራው ድርጅት ጸሐፊውን ኤአይ ተጠቀም ብሎ አያስገድደውም፤ በኤአይ የተዘጋጀ ጽሑፍ ከሰጠውም ይህንኑ የመንገር ግዴታ አለበት። ፈርተው ዝም አላሉም፣ ፍርሃታቸውን ወደ ውል ቀየሩት። እኔም በዓቅሜ ይህንን አደረግኩ። ለደንበኞቼ የት ላይ በኤአይ እንደምታገዝና የት ላይ እንደማልጠቀም አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ "ምንም አትጠቀም" ይለኛል፤ እሺ ብዬ አልጠቀምም።

ምስጢር ላይ ብዙ አልልም። የሰው ስም፣ የሕክምና ወረቀት፣ ፓስወርድ፣ ያልታተመ የሰው ጽሑፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ኤአይ ውስጥ አላስገባም። አለቀ። በኤአይ የሚሠራ ማጭበርበርም አለ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቃውንና ባልደረቦቹን ያየ መስሎት ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር አስተላልፏል፤ ያያቸው ሰዎች በሙሉ በኤአይ የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ ድምፅና መልክ ማስረጃ መሆናቸው አብቅቷል። በቤተሰባችን ገንዘብ ቶሎ ላክልኝ የሚል ጥሪ ከመጣ ስልኩን ዘግተን በምናውቀው ቁጥር መልሰን እንደውላለን። ስለ ሰው ልጅ መጨረሻ የሚነሳውን ጥያቄ ደግሞ እንደ ተራ ወሬ አልንቀውም፤ ሂንተንን የመሰሉ ሰዎች በቁም ነገር ያነሱታልና። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀውን ዓይነት የኤአይ ሕግ ሲወጣ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው። ሌሊት ሌሊት መብሰልሰሌ ግን ለማንም አይጠቅምም።

እስካሁን መልስ ያላገኘሁለት የመማር ነገር ነው። እኔ መጻፍን የተማርኩት ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጬ፣ እየሰረዝኩ፣ እየተናደድኩ ነው። ያ ድካም ነው ማሰብን ያስተማረኝ ብዬ አምናለሁ። አሁን የሚጀምር ልጅ ያንን ድካም መዝለል ይችላል። ዘሎት ምን እንደሚያጣ ደግሞ እሱ ራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ አግኝቶት አያውቅማ። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት፣ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ "ጋሼ፣ አንተ ራስህ ትጠቀምበት የለ እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። "እኔ መጀመሪያ ተምሬዋለሁ" የሚለው መልስ ለእሷ ፍትሐዊ አይደለም።

ከብዙ ክርክር በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። የመጀመሪያውን ረቂቅ እሷ ትጽፋለች፣ ቢከፋም ቢለማም። ከዚያ ለኤአይ ሰጥታ "አትጻፍልኝ፣ ክርክሬ የት ላይ እንደሚደክም ብቻ ንገረኝ" ትለዋለች። ካነሳቸው ነጥቦች የምትቀበለውን ትቀበላለች፣ የማትቀበለውን ለምን እንደማትቀበል ጎኑ ላይ ትጽፋለች። ባለፈው ያሳየችኝ ድርሰት ላይ ኤአይ "ይህ አንቀጽ ከርዕሱ ይወጣል፣ አስወግጂው" ብሏታል። እሷ ግን አላወጣችውም። ጎኑ ላይ "ይህ ከወጣ ሦስተኛው አንቀጽ ምክንያት አልባ ይሆናል" ብላ ጽፋለች። ድርሰቱን ሁለቴ አነበብኩት። ልክ ናት።