ከደንገጎ ቁልቁል በእግር

ድሬዳዋ የሚኖር ሰው አበባ ካማረው ወደ ላይ መሄድ አለበት። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በመስከረም ማለቂያ እንኳ ፀሐይዋ አትምርም። በሐረር መንገድ ላይ ያለችው ደንገጎ ግን ያን ጊዜ ደጋ ሸትታ ትቀበላለች። ተራራ ሲባል ብዙ ሰው መውጣት ብቻ ይታየዋል። እኔ በሚኒባስ ወጥቼ በእግሬ መውረድን መረጥኩ፤ ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚለያይ፣ ቁልቁለቱን የሚወርድ ሰው በአንድ ጠዋት ደጋንም ቆላንም ያያል።

ገና ሲነጋ ተሳፍሬ ደንገጎ ላይ «ወራጅ አለ» አልኩ። አስፋልቱን ወዲያውኑ መተው ይሻላል፤ ጫት የጫኑ መኪኖች ለእግረኛ ፍሬን አይዙም። መንገድ የሚያውቅ የመንደር ወጣት በቀን ሂሳብ ተስማምቼ ይዤ በእግር መንገዱ ገባን። ለእሱ የከፈልኩት ገንዘብ ከጫማዬ የበለጠ ጠቅሞኛል፤ በየማሳው ሰላምታ የሚሰጠው፣ በማን ድንበር እንደምናልፍ የሚያውቀው እሱ ነውና።

ላይኛው ክፍል የአደይ አበባ ነው። በማሽላውና በጫቱ ማሳ ዳር ቢጫው ጎልቶ ይታያል። ማማ ላይ የቆሙ ልጆች ወንጭፍ ያስጮኻሉ። እኔ ወፍ ለማየት ብዬ በማለዳ ተነሥቻለሁ፣ እነሱ ወፍ ሊያባርሩ፤ ተያይተን ተሳሳቅን።

ትንሽ ዝቅ እንዳልን የመንገዱ ዳር በጥቃቅን ነጭ አበባ ተሸፍኗል። ከሩቅ ያምራል። አስጎብኚዬ ግን አንዱን በጫማው ጨፍልቆ አለፈ። ፋራምሲሳ ነው። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ አረም ሲሆን፣ አንዱ ተክል ብቻ ከ10,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል፤ ነቅሎ የሚውል ገበሬም ቆዳው ይቆጣል። አንድ አዛውንት ካሜራዬን አይተው «ልጄ፣ ይህንን የምታነሣው ልትወስድልን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አበባ ባየሁ ቁጥር ከማድነቄ በፊት የባለ ማሳውን ፊት አያለሁ።

ታች ግራርና ቁልቋል ይጀምራል፤ አንዳንዱ እሬት ቀይ አበባውን ሰቅሏል። መሄድ የሚያስፈልገው እስከዚህ ነው፤ ከዚህ በኋላ መቀመጥ ይበልጣል። እሬቱ አጠገብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ በቀጭን ጠማማ ምንቃሯ ማር የምትቀስመውን ትንሽ ወፍ ያያል። ዝንጀሮዎችም ወደ ቆመ ሰው አይቀርቡም፣ የተቀመጠውን ግን ረስተውት ያልፋሉ። ወንዶቹ ብርማ ጋማ አላቸው፤ ከመንጋው ራቅ ያለችውን ሴት አንገቷን ነክሰው ይመልሷታል። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሐንስ ኩመር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ የቤተሰብ ሥርዓታቸውን ያጠናው ከድሬዳዋ ብዙም በማትርቀው ኤረር ጎታ ነበር። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት ለምግብ ይበተናሉ። ሙዝ ወይም ዳቦ አትወርውሩላቸው፤ ሰው ምግብ እንደሚሰጥ የለመደ ዝንጀሮ ነገ የሕፃን እጅ ላይ ያለውን ይነጥቃል።

ቁልቁለት ሳንባን ቢያሳርፍም ጉልበትን ይበላልና ምርኩዝ ያዙ። ውሃውን ላይ ሳላችሁ አትጨርሱት፤ የሚያስፈልገው ታች ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት ወደ አስፋልቱ ከተመለሳችሁ ወደ ከተማ የሚወርድ መኪና አታጡም።