ሦስቷ አባጨጓሬ

እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል። ጣና ዳር ዘጌ ላይ ለጥናት አባጨጓሬ እንቆጥር ነበር፣ በነፃ፣ የጀልባውንም ከኪሳችን እየከፈልን። በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ምልክት ያሰርንባቸው 20 እግር ጌሾና ቡና ጋ እንሄዳለን፣ ከስር ነጭ አንሶላ ትዘረጋለህ፣ ቅርንጫፉን 5 ጊዜ በዱላ መታ መታ፣ የወደቀውን ቆጥረህ ፎርም ላይ። ፀጉራሙን በእጅ መንካት የለም፣ እኔ አንዴ ነክቼ 2 ቀን እጄን ሳክ ነው የከረምኩት። ጀልባ ላይ ሰው ሲጠይቀን "ልታጠፉት ነው?" ይለናል፣ በ2009 የአሜሪካ ተምች በቆሎው ላይ ከወረደ ወዲህ ትል የተባለ ሁሉ የሚረጭ ነው የሚመስለው።

መስከረም ላይ ቆጠራው ይጣፍጣል፣ ቅጠሉ ለጋ ነው። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያቆም ግን ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ወፉም ይለቅማል፣ ያደገው ደግሞ አፈር ውስጥ ይገባል ወይ ቅጠል ጠቅልሎ ይተኛል። ኅዳር ላይ 20ውንም ደብድበህ 0 ጽፈህ ትመለሳለህ።

3ኛውን 0 የላክሁ ጊዜ የቆጠራው አስተባባሪ ደወለ። ወጣት ልጅ ነው፣ ከላፕቶፑ ርቆ የማያውቅ።

"ጋሼ፣ እውነት ሄደው ነበር?"
"ሄጃለሁ።"
"አይ፣ 3 ጊዜ ተከታታይ ዜሮ ሆነና... ትንሽ እንኳን አልነበረም?"
"ትንሽ ማለት?"
"ማለቴ ካልሄዱ ባዶ ይተዉት፣ ችግር የለውም።"

ደሜ ፈላ። ባዶና ዜሮ አንድ ነው እንዴ? ባዶ አላየሁም ነው፣ ዜሮ ፈልጌ አጣሁ ነው፣ ዜሮውን ከጣልከው ትሉ መቼ እንዳለቀ በምን ልታውቅ ነው፣ እያልኩ አንድ ካርድ አስጨረስኩት። "እሺ ጋሼ" አለኝ። ያቺ እሺ ሽማግሌ የሚያባብሉባት እሺ ነበረች።

የጌሾው ባለቤት ስነግራቸው ሳቁብኝ። "ቤቱ ገብቶ ተኝቷላ ልጄ። ዘጌ ገዳሙን ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ አይታረስ፣ ማን ይቀስቅሰው? ያ ልጅ መጥቶ በሩን ያንኳኳ።"

መጨረሻ ላይ ስብሰባ ተጠራን፣ ግራፍ አወጣ። የኔ ዜሮዎች የሉም፣ ባዶ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ያለችውን 3 ግን በእስክሪብቶ እየጠቆመ "አያችሁ፣ ቀስ እያለ ሲወርድ? እንዲህ ነው ዳታ፣ ጋሼን እናመሰግናለን" አለ። ተጨበጨበ።

የዛን ቅዳሜ አልሄድኩም ነበር። ባለቤቴ ቡና አፍልታ፣ እኔም እንቅልፍ ይዞኝ፣ ያለፈው 7 ስለነበር አሁን 3 ቢሆን ነው ብዬ ሶፋ ላይ ሆኜ ሞላሁት።

እኔም አጨበጨብኩ። ክረምት ላይ ድጋሚ ይጀመራል አሉ፣ ባለቤቴ ግን አንሶላዬን ከእንግዲህ አታገኘውም ብላለች።