ከሰዓት በጆርጅታውን ኮረብታ

ዋሽንግተን ሄዶ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን ማየት የሚያምረው ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ የከተማው ባቡር፣ ሜትሮው፣ እዚያ አይደርስም። እኔ ሮዝሊን ጣቢያ ወርጄ የኪ ድልድይን በእግሬ ተሻገርኩ። መስከረም ቢገባም ሙቀቱ አይጣል ነው። ሌሊቱን ደግሞ ያደርኩበት ክፍል ኤሲ ሲጮህ አድሮ ዓይኔን አልከደንኩም። ድልድዩ መሀል ስደርስ ግን የዩኒቨርሲቲው ግዙፍ ሕንፃ፣ የሂሊ ሆል ማማ ከኮረብታው ላይ ብቅ አለ። ድካሙ ለቀቀኝ።

ግቢው አቅራቢያ አንድ ካፌ ገባሁ። ማኪያቶና ሳንድዊች 19 ዶላር፣ ቲፑ ለብቻ። ያናደደኝ ውድነቱ ብቻ አይደለም፤ ዋጋው የትም አልተለጠፈም። ቤቱ የሚሞላው በተማሪ ነው፣ ለተማሪ ይታዘንለታል እንጂ!

ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ የጥንት ትራም ሐዲድ እስከዛሬ አልተነሳም። መኪና ማቆሚያው ጋ አንድ ሽበታም ሰውዬ ቆመዋል። «ልጄ፣ ሐበሻ ነህ አይደል?» አሉኝ። «ነኝ አባባ።» ቀዝቃዛ ውሃ ሰጡኝ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው «የሂሊን መቃብር ሳታይ እንዳትሄድ» ብለው አቅጣጫውን አሳዩኝ። ባይነግሩኝ ኖሮ መቃብሩ እዚያው ግቢ ውስጥ መሆኑን በምን አውቄ!

ዩኒቨርሲቲው በኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) እጅ እ.ኤ.አ. በ1789 የተመሠረተ ነው። ፓትሪክ ሂሊ የተወለደው በ1834 ጆርጂያ ውስጥ ነው። አባቱ አየርላንዳዊ ባለእርሻ፣ እናቱ ባሪያ ነበረች። በጊዜው ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ስለሚይዝ እሱም ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ይህ ሰው ቤልጂየም ሄዶ ዶክትሬቱን ያዘ፤ ከ1874 እስከ 1882 ጆርጅታውንን መራ። ያን ግዙፍ ሕንፃ፣ ሂሊ ሆልን፣ ያስጀመረውም እሱ ነው። ብዙዎች ነጭ ነው ብለው ያስቡ ነበር።

መቃብሩ ጋ ረጅም ሰዓት ቆምኩ። ትናንሽ፣ አንድ ዓይነት ድንጋዮች በረድፍ ተተክለዋል። የፕሬዚዳንቱ ድንጋይ ከሌሎቹ አይበልጥም። ይሄ ነገር ልቤን ነካው።

እኔ የተማርኩት አራት ኪሎ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መጀመሪያ የመሩት ሉሲየን ማት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበሩ። ተማሪ እያለሁ ይህን የነገረኝ መምህር የለም። እዚህ ግን አንዱ ተማሪ ለእንግዳ ቤተሰቡ የሂሊን ታሪክ በቃሉ ሲያወራ ሰማሁ። ቀናሁ።

የስፖርት ማዕከሉ በቅርጫት ኳስ አሠልጣኙ በጆን ቶምፕሰን ስም ተሰይሟል። እ.ኤ.አ. በ1984 እነ ፓትሪክ ዩዊንግን ይዞ የኮሌጆችን ሻምፒዮና ሲያነሳ፣ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ቢሮው ውስጥ የተነፈሰ ኳስ ያስቀምጥ ነበር። ሕይወታችሁ በኳስ ውስጥ ባለ አየር ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ለማለት ነው። አራት ዓመት አብረውት የቆዩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመርቀዋል።

መጨረሻ ላይ አይዛክ ሃውኪንስ ሆል ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ1838 የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን 272 ባሪያዎችን ወደ ሉዊዚያና ሸጡ፤ ከገንዘቡ ከፊሉ የጆርጅታውንን ዕዳ ከፈለ። በሽያጩ ሰነድ ስሙ መጀመሪያ የሰፈረው አይዛክ ነው። ሕንፃው ቀድሞ የተሰየመው ግን በሻጩ በሙሌዲ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የአይዛክ ሆነ።

ደረጃው ላይ ከተቀመጠች ተማሪ ጋር ወሬ ጀመርን። እ.ኤ.አ. በ2019 ተማሪዎች ለተሸጡት ሰዎች ዘሮች በየሴሚስተሩ 27.20 ዶላር እንክፈል ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ሁለት ሦስተኛው ደገፈ። ዩኒቨርሲቲው ከክፍያው ይልቅ በዓመት 400,000 ዶላር ገደማ በመዋጮ አሰባስባለሁ አለ። ልጅቷ በዚህ አልረካችም። «እኛ እኮ ከራሳችን ኪስ መክፈል ነው የፈለግነው» አለችኝ። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ተማሪ በገዛ ፈቃዱ ልክፈል ሲል መቀበል ነበረባቸው።