ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሆኜ የምከታተለው ሕክምና

ኦቲዝም እንዳለብኝ ያወቅሁት እንግሊዝ አገር፣ ሠላሳዎቹን ካጋመስኩ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ሳድግ ማንም አልጠረጠረም። ለምን እንዳልጠረጠሩ ይገባኛል። እዚያ አገር አንድ ልጅ የሰው ዓይን ካላየ አስተማሪው ቶሎ ልብ ይላል። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ ልጅ ጨዋ ነው። ዝም የሚል ልጅ ቁጥብ ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ ለሰፈሩ ልጆች ምሳሌ ትደረጋለች። እኔም ጨዋ እየተባልኩ አደግሁ።

ውስጤ ግን ሌላ ነበር። ልቅሶ ቤት ደርሼ ስመለስ እታመማለሁ። ታክሲ ውስጥ የረዳቱ ጥሪ፣ የሬዲዮው ድምፅና የሰው ትከሻ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ቆዳዬን ይለበልበኛል። ስለዚህ ማስመሰል ተማርኩ። ሰው መቼ እንደሚስቅ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ከተባለ በኋላ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ እያየሁ ሸመደድኩ። ለሚያየኝ ሰው ምንም አልነበረብኝም።

ከዚያ ስደት መጣ። ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ባሕሩ። ትራውማ፣ ማለትም የውስጥ ቁስል፣ አለብኝ ስል ሰው ሁሉ የሚያስበው በረሃውንና ባሕሩን ነው። እነሱም አሉ። ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ግን የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚያርፉበት ቤት አንዱ ዳቦ ባሳረረ፣ ሌላው ተደብቆ ባጨሰ ቁጥር ሌሊት ይጮሃል። ጆሮዬን ይዤ ወለሉ ላይ እጠቀለላለሁ። እግሬ አይታዘዘኝም። ጥበቃው "ውጪ!" እያለ ይጮህብኛል። ቀን ደግሞ ቃለ መጠይቅ አለ። ታሪክሽን ከመጀመሪያው ድገሚ እባላለሁ። እደግማለሁ፤ ፊቴ ግን አይለዋወጥም፣ ድምፄም ከፍ ዝቅ አይልም። አንድ ቀን ጠያቂው "ይህን ሁሉ ስትናገሪ ለምን አታለቅሺም?" አለኝ። የነገርኩት አንድም ነገር ውሸት አልነበረበትም። ሳላለቅስ ስለተናገርኩት ግን ተጠራጠረ።

የመኖሪያ ፈቃድ ካገኘሁ ከዓመታት በኋላም ማይክሮዌቭ ሲጮህ ደርቄ እቆማለሁ። ኦቲዝም ያለብን ሰዎች ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለሌላው ቀላል የሚመስል ድምፅ፣ ድንገተኛ ለውጥ፣ ለዓመታት መገለል፣ እኛን እንደ ትልቅ አደጋ ሊጎዳን ይችላል።

መጀመሪያ ያገኘኋት ቴራፒስት ደግ ሴት ነበረች። ሕክምናዋ ግን ለእኔ የተሰፋ አልነበረም። "አሁን ምን ይሰማሻል?" ትለኛለች። አላውቅም። ብዙዎቻችን የራሳችንን ስሜት ለይተን ስም መስጠት ይቸግረናል። እኔ ዝም ስል ከጥያቄው የሸሸሁ ይመስላት ነበር። የክፍሉ አምፖል ደግሞ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ነበረው። ሰዓቱ የሚያልቀው እሱን ስታገል ነው።

ሁለተኛዋ የምትሠራው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎችን ለይታ ታክማለች። ገና ሳንጀምር የመጀመሪያው ቀን ምን እንደምንሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደምንጨርስ፣ ምን እንደምትጠይቀኝ ጽፋ ላከችልኝ። ካሜራ መክፈት ግዴታ አይደለም አለችኝ። መናገር ካቃተኝ መጻፍ እችላለሁ። "ምን ይሰማሻል" በማለት ፈንታ "መንጋጋሽ ጠብቋል? እጅሽ ቀዝቅዟል?" ትለኛለች። ይህን መመለስ እችላለሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ የእሷ ደግነት ብቻ አይደለም። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ለአዋቂዎች ባወጣው የኦቲዝም መመሪያ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ግልጽ ቅደም ተከተል ይኑር፣ በጽሑፍና በሥዕል ይታገዝ፣ ምሳሌያዊ አነጋገር ይቀነስ፣ እረፍት ይሰጥ፣ ሰውየው አጥብቆ የሚወደው ነገር ሕክምናው ውስጥ ይግባ ይላል።

የምንሠራበት ዘዴ ኢኤምዲአር ይባላል። ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረችው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ለፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከክፉ ገጠመኝ በኋላ ለሚቀር የአእምሮ ሕመም፣ ከመከራቸው ሕክምናዎች አንዱ ነው። ክፉውን ትዝታ እያሰቡ የቴራፒስቷን ጣት ወደ ግራና ቀኝ በዓይን መከተል የተለመደው መንገድ ነው። እኔ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር መከተል ያመኛል። ስለዚህ ክንዶቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ትከሻዎቼን ተራ በተራ መታ መታ አደርጋለሁ። ይህኛው የመጣው ከሜክሲኮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 አካፑልኮን ከመታው አውሎ ነፋስ የተረፉ ሰዎችን ሲረዱ።

ዘንድሮ እማዬ ጉልበቷን ታመመችና እሷን ላስታምም መጣሁ። ቤቷ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ፣ በዕጣ የደረሳት ኮንዶሚኒየም። ከመምጣቴ በፊት ቴራፒስቴ የሙያ ኢንሹራንሷን ጠየቀች። ውጭ አገር ሆኜ ልታክመኝ እንደምትችል ካረጋገጠች በኋላ ነው እሺ ያለችኝ። አሜሪካ ያለች ጓደኛዬ ይህን ዕድል አላገኘችም። እዚያ ፈቃዱ በየግዛቱ ስለሆነ አገር ቤት በቆየችበት ጊዜ ሁሉ ሕክምናው ተቋረጠባት። የእኔዋ የእህቴን ስልክ ያዘች። አስጊ ነገር ቢመጣ የምሄድበትን፣ አማኑኤል ሆስፒታልን፣ አድራሻውን መዘገበች። በየሳምንቱም መጀመሪያ የምትጠይቀኝ የት እንዳለሁና ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ነው።

ሰዓታችን በእኛ አሥራ አንድ ነበር። በጥቅምት አጋማሽ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ወደ አሥራ ሁለት ተገፋ። አሥራ ሁለት ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ላይ ክፉ ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ከሥራ ይገባል፣ ምጣድ ይጣዳል፣ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል። ከማዶ ደግሞ ብሎኬት የሚያመርቱበት ማሽን አለ። ኔትወርኩ ሲደክም ድምፁን ትተን በጽሑፍ እንቀጥላለን። እኔ እንዲያውም በጽሑፍ ይሻለኛል። ከትዝታው መሃል ሳለሁ መስመሩ ቢቆረጥ የማደርገው ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል። ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ። ከባዱን ብርድ ልብስ መደረብ። ከዚያ የልጅነቴን የአንበሳ አውቶብስ ቁጥሮች ከነመነሻና መድረሻቸው በቃል መቁጠር። አውቶብስ የልጅነት ፍቅሬ ነው። መመሪያው ላይ ሰውየው አጥብቆ የሚወደው ነገር ይግባ የተባለው በእኔ ሕይወት ይህን ይመስላል።

ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። ኢኤምዲአር ውስጥ ታሪክን በዝርዝር ለቴራፒስት መንገር የግድ አይደለም። ስለዚህ እንግሊዝ ሳለሁ ትዝታው ሲመጣ ለራሴ በአማርኛ እናገር ነበር። እሷ አይገባትም፣ አያስፈልጋትምም። ቱሉ ዲምቱ ግን ግድግዳው ስስ ነው። ከግድግዳው ወዲያ እናቴ አለች።

ሰማች። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ በምርኩዟ ቆማ ነበር። ስለ ባሕሩ አንዳች አልጠየቀችኝም። "ሰው ሲስምሽ የምትሸሺው ኩራት መስሎኝ ኖሬያለሁ" አለች። "ትንሽ ሆነሽ ልቅሶ ቤት ስትደበቂብኝ ቆንጥጬሻለሁ። ያምሽ ነበር እንዴ፣ ልጄ?" ያመኝ ነበር አልኳት። ብዙ አላወራንም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን በዚያ ሰዓት ቡና የሚጠጣው ጎረቤት ቤት ሆነ። ለሚጠይቃትም "ልጄ ሐኪሟ ጋር ናት" ትላለች። የሚያውቁኝ ሁሉ ጸበል ብለዋታል። ጸበሉንም አብሬያት ሄጃለሁ፤ ሰው ሳይበዛ፣ ማለዳ።

እዚህ ስቀመጥ አብዝቶ የሚያሳስበኝ የአዋቂዎቹ ነገር ነው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ስለ ኦቲዝም በአደባባይ የሚናገር ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የብዙ እናቶችን አንገት ቀና ያደረገች ሴት ነበረች። የዚያን ጊዜ ሕፃናት ግን ዛሬ አዋቂ ሆነዋል። ማዕከል ያላዩ፣ ቤት የተቆለፈባቸው፣ ትምህርት ቤት የተገረፉ፣ እንደ እኔ ጨዋ የተባሉም አሉ። ኦቲዝም ሲባል ዛሬም ልጅ ብቻ ነው የሚታሰበው። እነዚህ ሰዎች ቁስላቸውን ይዘው የት ይሂዱ?

የእንግሊዝ ቴራፒስት ክፍያ እዚህ ላለ ሰው የማይታሰብ ነው። እኔን የረዳኝ አብዛኛው ነገር ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ጥያቄዎቹን ቀድሞ መላክ። ካሜራ እንዲጠፋ መፍቀድ። ዓይኔን እይ አለማለት። ያላለቀሰን ሰው ማመን። ይህን ሁሉ በአማርኛ ጽፌ እህቴ ለምታውቀው አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሰጠሁት። ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ሁለት ዓመት ያህል እየመጣ አንድም ቀን አፍታቶ ያላወራው ወጣት እንዳለ ነገረኝ። "በቴሌግራም ቢጽፍልኝስ? አጠገቤ ተቀምጦም ቢሆን?" አለኝ። ይቻላል አልኩት። ወጣቱም እሺ ብሏል፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ይጀምራሉ።