ብርዱን በከንቱ ወቀስኩት

ከሞቃታማው ሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን በተዛወርኩ በሦስተኛው ወር ላፕቶፔ ድንገት ይጠፋብኝ ጀመር። ስክሪኑ ላይ ባትሪው 34 በመቶ አለው ይላል፤ ወዲያው ድርግም። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ማለዳ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ይነጣል። ስለዚህ ሌላ ምክንያት አልፈለግሁም፤ ብርዱ ነው አልኩ። ማታ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ ቻርጅ ማድረግ ያዝኩ። የአየር ማስወጫውን እየደፈንኩ የታመመውን ባትሪ የባሰ አሞቅሁት።

አንድ ምሽት የ58 ተማሪዎችን የመንፈቀ ዓመት ውጤት ሳስገባ መብራት ሄደ። ባትሪው አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። የሁለት ሰዓት ሥራ ጠፋ፤ በሻማ ብርሃን ወረቀቶቹን እንደ አዲስ ማገላበጥ ግድ ሆነ።

በማግስቱ የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት አወጣሁ። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት በላቲን ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ» ብሎ፣ ክፍት ቦታ ትቶ፣ ከእዝባር ቀጥሎ «ባትሪሪፖርት» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ሁለት ቁጥሮችን ማነጻጸር ይበቃል፤ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘውን። የእኔ ከፋብሪካ ሲወጣ 48,840 ሚሊዋት ሰዓት ነበር፤ አሁን የሚይዘው 19,200 ብቻ። ከግማሽ በታች!

በዚያው ሳምንት የጣት መዳሰሻው አልጫን አለ፤ ላፕቶፑም ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይንገዳገድ ጀመር። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ወጣቱ ባለሙያ የታችኛውን ክዳን ሲፈታው ባትሪው እንደ ትራስ አብጧል።

«መምህር፣ ከዚህ በፊት የት ነበሩ?» አለኝ።

«ሸዋ ሮቢት፣ አራት ዓመት።»

«እንደተሰካ ይውል ነበር?»

«ቀንም ሌሊትም።»

«እንግዲያው የታመመው እዚያ ነው።»

ያን ቀን ያስረዳኝን አልረሳውም። ብርድ የሊቲየም ባትሪን ያደክመዋል፤ በውስጡ ያለው እንቅስቃሴ ስለሚዘገይ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ግን ይመለሳል። ሙቀት የሚያደርሰው ጉዳት ግን አይመለስም። በተለይ ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ በሙቀት ሲቆይ በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ ይፈጥራል፤ እብጠቱም ከዚያ ይመጣል። የደብረ ብርሃን ብርድ የቆየውን ጉዳት አጋለጠ እንጂ አላመጣውም። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ቻርጅ ማድረግ፣ መጫን ወይም መብሳት በፍጹም አይገባም። እኔ ያንን በጋቢ ጠቅልዬ ከአልጋዬ አጠገብ አሳድሬዋለሁ። ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ሦስት ሳምንት ያህል ላፕቶፑን ያለ ባትሪ፣ በሶኬት ብቻ ሠራሁበት፤ በየጥቂት ደቂቃው ሥራዬን እያስቀመጥኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ወርጄ ባትሪ ፈለግሁ። የአሮጌውን የሞዴል ቁጥርና ቮልቴጅ ጽፌ ይዤ ነበር። የመጀመሪያው ሻጭ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ያቀረበልኝን እዚያው አስገጥሜ ሪፖርቱን ሳወጣ 31,000 አሳየ፤ መልሼ ሰጠሁት። የሁለተኛው ሻጭ ባትሪ 47,900 አሳየ። ቁጥሩን የሚናገረው ባትሪው ራሱ ስለሆነ በዚያ ብቻ አላመንኩም፤ ከሶኬት ነቅዬ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሠራሁበት። ሻጩ ተሰላችቷል፤ እኔ ግን የወር ደመወዜን ሲሶ ልከፍል ነበር።

አሁን በላፕቶፑ ቅንብር ውስጥ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጌአለሁ። ማለዳ ከውጭ ይዤው ስገባም ወዲያው አልሰካውም። ባትሪው ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ቻርጅ ከተደረገ ሊቲየሙ በውስጡ እንደ ብረት ይለጠፋል፤ ይህ ደግሞ ብርድም ቢሆን የማይመለስ ጉዳት የሚያደርስበት መንገድ ነው። ክፍሉን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ።

ለፋሲካ በጣርማ በር ቁልቁል ወርጄ ሸዋ ሮቢት የቀድሞ ባልደረባዬ ቤት ገባሁ። ላፕቶፑ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር እንደተሰካ ነበር። ቡናው ሳይፈላ ሪፖርቱን አወጣንለት፤ ከመጀመሪያ አቅሙ 61 በመቶ ቀርቶታል። ነቀልነውና ወደ ጓዳ፣ ወደ ጥላው አስገባነው።